እኩል ድርሻ፣ አንድ ዜማ

የአንድ ሙዚቀኛ ታላቅነት በግል ችሎታው ብቻ ይለካልን? ለዚህ ጥያቄ የኩባዊው የቫዮሊን ተጫዋች የራፋኤል ላዪ አፔስቴጊያ ሕይወት አጥጋቢ መልስ ይሰጠናል።

ራፋኤል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 በሲየንፉዌጎስ የወደብ ከተማ ተወለደ። በዚያችው ከተማ የኮንትራባስ ተጫዋቹ ኦሬስቴስ አራጎን በ1939 በስሙ የሚጠራውን የዳንስ ኦርኬስትራ ሲያቋቁም፣ ገቢው ለአባላቱ በእኩልነት እንዲከፋፈልና ማንም ከጓዱ በላይ እንዳይቆጠር ወሰነ። ራፋኤል ገና በልጅነቱ ከዚህ ማኅበር ገባ። በ1948 መሥራቹ በሕመም ምክንያት ከሥራ ሲለይ ራፋኤል አመራሩን ተረከበ፤ የማኅበሩንም መንፈስ ጠበቀ።

እውነተኛው ፈተና ከዝና ጋር መጣ። በ1950ዎቹ ኤንሪኬ ሆሪን የፈጠረው የቻቻቻ ስልት ኩባን ሲያጥለቀልቅ፣ አራጎን በቫዮሊንና በዋሽንት አዋህዶ ለዓለም ካደረሱት ኦርኬስትራዎች ግንባር ቀደሙ ሆነ። የአፍሪካ ልጆች በባርነት ተግዘው ወደ ኩባ ያሻገሩት የከበሮ ምት በዚህ ስልት ውስጥ ሕያው ነውና፣ የምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች ኦርኬስትራውን እንደ ራሳቸው ተቀበሉት። ከ1959 አብዮት በኋላም ራፋኤል ከነኦርኬስትራው በአገሩ ጸና።

በ1982 በመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ኦርኬስትራው ግን አልፈረሰም፤ የቫዮሊን ተጫዋች የሆነው ልጁ ራፋኤል ላዪ ብራቮ የአባቱን ቦታ ተረከበ።

ከዚህ ሕይወት የምንገነዘበው ግልጽ ነው፦ በአንድ ሰው ዝና ላይ የቆመ ሥራ ከሰውየው ጋር ይቀበራል፤ በእኩልነት የተገነባ የጋራ ሥራ ግን ከመሪዎቹ ዕድሜ ይሻገራል።