ሰር ፍራንሲስ ቺቼስተር፦ በፀሐይ ከፍታና በሰዓት ስሌት ባሕር ያቋረጡ አብራሪ

ሰር ፍራንሲስ ቺቼስተር (እ.ኤ.አ. 1901–1972) እንግሊዛዊ አብራሪ፣ ባሕረተኛና የአቅጣጫ ስሌት ባለሙያ ነበሩ። ስማቸው በዓለም ዙሪያ የታወቀው በ65 ዓመት ዕድሜያቸው ባጠናቀቁት ብቸኛ የሸራ ጀልባ ጉዞ ነው። ይሁን እንጂ ለአቪዬሽን ሙያ ያበረከቱት ትልቁ አስተዋጽኦ ከዚያ 36 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጣሪያ በሌላት አነስተኛ አውሮፕላን የታዝማንን ባሕር ባቋረጡበት ወቅት የተገኘ ነው። ሬዲዮም ሆነ ረዳት ሳይኖራቸው፣ በኮምፓስ፣ በሰዓትና በሴክስታንት ብቻ ተመርተው በውቅያኖስ መካከል ያሉ ትናንሽ ደሴቶችን ፈልገው ማግኘት ችለዋል። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውንና የተጠቀሙበትን የስሌት ዘዴ በአጭሩ ያቀርባል።

ትውልድና የወጣትነት ዘመን

ፍራንሲስ ቺቼስተር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 1901 በእንግሊዝ አገር በዴቨን አውራጃ፣ በባርንስታፕል ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ሸርዌል መንደር ተወለዱ። አባታቸው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። ወጣቱ ፍራንሲስ 18 ዓመት ሲሞላቸው እ.ኤ.አ. በ1919 በኪሳቸው 10 ፓውንድ ብቻ ይዘው ወደ ኒውዚላንድ ተሰደዱ። በዚያም በበግ እርባታ፣ በማዕድን ቁፋሮና በእንጨት ሥራ እየተቀጠሩ ኖሩ። ቆይተውም ከአንድ ሸሪክ ጋር በመሬት ሽያጭና በደን ልማት ሥራ ተሰማርተው ሀብት አፈሩ።

እ.ኤ.አ. በ1929 ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ ዕድሜያቸው 27 ዓመት ደርሶ ነበር። የማየት ችሎታቸው ደካማ በመሆኑ መነጽር ያደርጉ ነበር፤ አውሮፕላን ማብረርም በቀላሉ አልሆነላቸውም። ነገር ግን በትምህርቱ ጸንተው በዚያው ዓመት ፈቃዳቸውን አገኙ፤ ጂፕሲ ሞዝ የተባለች አውሮፕላንም ገዙ።

ጂፕሲ ሞዝ በእንጨት ተዋቅራ በሸራ የተሸፈነች፣ ሁለት መቀመጫና ድርብ ክንፍ ያላት አውሮፕላን ናት። የሞተሯ ጉልበት 100 የፈረስ ጉልበት ያህል ሲሆን፣ በሰዓት የምትጓዘውም ወደ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አብራሪው ከነፋስና ከዝናብ የሚከልለው ከፊቱ የቆመ አነስተኛ መስታወት ብቻ ነው።

ከለንደን እስከ ሲድኒ

ቺቼስተር የመጀመሪያ ረጅም ጉዟቸውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1929 ከለንደን አቅራቢያ ከሚገኘው ከክሮይደን የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሐሳባቸው በርት ሂንክለር የተባሉት አውስትራሊያዊ አብራሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ብቻቸውን ከእንግሊዝ እስከ አውስትራሊያ በ16 ቀን ገደማ በመብረር ያስመዘገቡትን ክብረ ወሰን ለማሻሻል ነበር። ሆኖም ገና ሊቢያ ትሪፖሊ አካባቢ ሲደርሱ በሌሊት ሲያርፉ አውሮፕላናቸው ስለተጎዳች ለጥገና ብዙ ቀናት አጡ። ጉዟቸውን ቀጥለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1930 ሲድኒ ገቡ። ክብረ ወሰኑን ባያሻሽሉም፣ ይህን መንገድ ብቻቸውን በማጠናቀቅ ከሂንክለር ቀጥለው ሁለተኛው ሰው ሆኑ።

ከዚያም አውሮፕላናቸውን በመርከብ ወደ ኒውዚላንድ ወሰዱ። በዚያ ዘመን የዓለም ኢኮኖሚ ክፉኛ ወድቆ ስለነበር የንግድ ሥራቸው ተዳከመ። እርሳቸው ግን በአውሮፕላን ዓለምን ብቻቸውን የመዞር ዕቅዳቸውን አልተዉም። ለዚህም መጀመሪያ ኒውዚላንድን ከአውስትራሊያ የሚለየውን የታዝማንን ባሕር ማቋረጥ ነበረባቸው።

የታዝማን ባሕር ፈተና

የታዝማን ባሕር ስፋቱ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ቻርልስ ኪንግስፎርድ ስሚዝና የበረራ ጓዶቻቸው በትልቅ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ተሻግረውታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1931 ደግሞ ጋይ ሜንዚስ የተባሉ ወጣት አብራሪ ከሲድኒ ተነስተው ብቻቸውን ኒውዚላንድ ደርሰዋል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ግን ብቻውን ያቋረጠ ሰው ገና አልነበረም።

የቺቼስተር አውሮፕላን ባሕሩን በአንድ ጊዜ ለመሻገር የሚበቃ ነዳጅ መያዝ አትችልም ነበር። ስለዚህ መንገዱን በሦስት ከፈሉት። የመጀመሪያው ክፍል ከኒውዚላንድ ሰሜናዊ ጫፍ እስከ ኖርፎክ ደሴት 770 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው ከኖርፎክ እስከ ሎርድ ሃው ደሴት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሦስተኛው ከሎርድ ሃው እስከ አውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ የሚደርስ ነው። በደሴቶቹ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ስላልነበረ፣ ከኒውዚላንድ አየር ኃይል በውሰት ያገኟቸውን ተንሳፋፊዎች በመንኮራኩሩ ቦታ ገጥመው አውሮፕላኗ ውሃ ላይ እንድታርፍ አደረጉ።

ዋናው ችግር ደሴቶቹን ማግኘት ነበር። የኖርፎክ ደሴት ርዝመት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ770 ኪሎ ሜትር ጉዞ ላይ በአቅጣጫ አንድ ዲግሪ ብቻ የሳተ አብራሪ ከመድረሻው 13 ኪሎ ሜትር ርቆ ያልፋል። ነፋስ ደግሞ አነስተኛን አውሮፕላን ከአንድ ዲግሪ እጅግ አብልጦ ሊያስት ይችላል። ደሴቱን ያላገኘ አብራሪ ነዳጁ ሲያልቅ የሚወርደው በባዶ ውቅያኖስ ላይ ነው። ሬዲዮ ስለሌለውም የወደቀበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

የስሌቱ ዘዴ

በባሕር ላይ ቦታን ለማወቅ መርከበኞች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት መሣሪያ ሴክስታንት ነው። ሴክስታንት ፀሐይ ከአድማስ በላይ ያላትን ከፍታ በዲግሪና በደቂቃ ይለካል። ልኬቱ የተወሰደበት ትክክለኛ ሰዓት ተመዝግቦ በሠንጠረዥ ሲሰላ፣ ለካዩ ያለበትን አንድ መስመር ያገኛል። በልኬቱ ላይ የአንድ ደቂቃ ስሕተት ቢኖር መስመሩ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ይዛባል። ይህን ሥራ መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው ጠረጴዛና ጊዜ አለው። ቺቼስተር ግን በአንድ ጊዜ አውሮፕላኗን ማብረር፣ በነፋስ መካከል ፀሐይን መለካት፣ ሰዓቱን ማንበብና ቁጥሩን በጉልበታቸው ላይ ባለ ወረቀት ማስላት ነበረባቸው።

ከዚህም በላይ አንድ የፀሐይ ልኬት የሚሰጠው መስመርን እንጂ ነጥብን አይደለም። አብራሪው በዚያ መስመር ላይ እንዳለ ያውቃል፤ በመስመሩ ላይ የት እንዳለ ግን አያውቅም። ወደ ደሴቱ በቀጥታ በርሮ በተሰላው ሰዓት ደሴቱን ቢያጣ፣ በግራው ይሁን በቀኙ ለማወቅ የሚያስችለው ነገር የለም። ሁለቱንም ወገን ለመፈለግ ደግሞ ነዳጁ አይበቃውም።

ቺቼስተር ለዚህ ያበጁት መፍትሔ ሆን ብሎ መሳት ነበር። ወደ ደሴቱ በቀጥታ ከመብረር ይልቅ፣ ሊፈጠር ከሚችለው ስሕተት ሁሉ በሚበልጥ ርቀት ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ይጓዛሉ። በጉዞው መካከል የባሕሩን ገጽ እየተመለከቱ ነፋሱ ምን ያህል እንደገፋቸው ይገምታሉ፤ አቅጣጫቸውንም ያርማሉ። በመጨረሻም ሴክስታንቱ በደሴቱ ላይ በሚያልፈው የፀሐይ መስመር ላይ መድረሳቸውን ሲያሳይ፣ አውሮፕላኗን አዙረው ያንን መስመር ይከተላሉ። ደሴቱ በየትኛው ወገን እንዳለ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ስሌቱ ትክክል ከሆነ ከፊታቸው መታየቱ አይቀርም። መስመሩ በተፈለገው አቅጣጫ እንዲውል የመነሻ ሰዓቱም ከፀሐይ አካሄድ ጋር ተመዝኖ ይመረጣል።

የዘዴው መሠረታዊ ሐሳብ በጥንት ባሕረተኞች ዘንድ የታወቀ ነበር። ብቻውን የሚበር ሰው በክፍት አውሮፕላን ላይ ተግባራዊ ሊያደርገው እንደሚችል በተግባር ያሳዩት ግን ቺቼስተር ናቸው። ምንም ምልክት በማይታይበት ባሕር ላይ፣ ልብ ወደፊት ቀጥል እያለ፣ በቁጥር ብቻ ታምኖ መንገድን መለወጥ ከስሌቱ ባልተናነሰ ጽናት የሚጠይቅ ነበር።

ኖርፎክና ሎርድ ሃው

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1931 ቺቼስተር ከኒውዚላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ተነሱ። በተሰላው ቦታ ላይ አውሮፕላኗን አዙረው የፀሐይን መስመር ተከተሉ፤ የኖርፎክ ደሴትም ከፊታቸው ታየች። ከዚያ መነሳት ግን ከማረፍ ይልቅ አስቸገረ። ተንሳፋፊዎቹ ውሃ ያስገቡ ስለነበር አውሮፕላኗ ከበደች፤ ከማዕበሉ ላይ ለመላቀቅም ብዙ ደከመች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተነስተው ደመናና ዝናብ በበዛበት ሰማይ ስር ሁለተኛውን ረጅም ክፍል ፈጸሙ፤ በሎርድ ሃው ደሴት ጸጥተኛ ውሃ ላይም በሰላም አረፉ።

አደጋው የደረሰው ከበረራው በኋላ ነው። አውሮፕላኗ በታሰረችበት ቦታ ሌሊት ኃይለኛ ነፋስ ገለበጣት፤ ሲነጋም በውሃ ውስጥ ተዘቅዝቃ ተገኘች። ክንፎቿ ተሰባበሩ፤ ሞተሯም በጨው ውሃ ተነከረ። በደሴቱ ላይ የአውሮፕላን ጥገና ቦታም ሆነ ባለሙያ አልነበረም። ቺቼስተርም ክንፍ ሠርተው አያውቁም ነበር።

ሆኖም ሥራውን ትተው በመርከብ አልሄዱም። ሞተሩን ፈትተው እያንዳንዱን ክፍል አጸዱ። አስፈላጊው ዕቃ ከአውስትራሊያ በመርከብ እንዲመጣላቸው አዘዙ። በደሴቱ ነዋሪዎች እርዳታ የክንፎቹን የእንጨት አጽም እንደገና አዋቀሩ፤ ሸራውንም ሰፍተው አለበሱ። ሥራው ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። ይህች በደሴት ላይ በእጅ እንደገና የተሠራች አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በጁን 1931 ቺቼስተርን ይዛ ተነሳች፤ ከሲድኒ በስተ ደቡብ በሚገኘው በጀርቪስ ቤይ የአውስትራሊያን ምድር ነካች። በዚህም የታዝማን ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በአንድ ሰው ብቻ ተቋረጠ። የእንግሊዝ የአብራሪዎችና የአቅጣጫ ባለሙያዎች ማኅበር ለዚህ ሥራቸው የጆንስተን መታሰቢያ ዋንጫን ሸልሟቸዋል፤ የዋንጫው የመጀመሪያ ተሸላሚም እርሳቸው ናቸው።

ከአደጋ ወደ ማስተማር

በዚያው ዓመት ቺቼስተር ከአውስትራሊያ ተነስተው በኒው ጊኒ፣ በፊሊፒንስና በቻይና በኩል ጃፓን ደረሱ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1931 ካትሱራ ከተባለች የጃፓን የወደብ ከተማ ሲነሱ አውሮፕላናቸው ከወደቡ በላይ በተዘረጋ ሽቦ ተጠልፋ ወደቀች። ሕይወታቸው ቢተርፍም ብርቱ ጉዳት ደረሰባቸው፤ ዓለምን በአየር የመዞር ዕቅዳቸውም በዚያ ተቋረጠ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ አየር ኃይሉ በመጀመሪያ በዕድሜያቸውና በዓይናቸው ምክንያት አልተቀበላቸውም። በኋላ ግን ዕውቀታቸው ተፈልጎ የአቅጣጫ ስሌት መምህር ሆኑ፤ የመማሪያ መጻሕፍትም አዘጋጁ። በተለይ ብቻቸውን የሚበርሩ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች በጉልበታቸው ላይ ባለ ካርታ ተመርተው መንገዳቸውን የሚያገኙበትን ዘዴ አስተማሩ። በታዝማን ላይ በብቸኝነት የተገኘው ልምድ በዚህ መንገድ የብዙዎች ትምህርት ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ በለንደን የካርታ አሳታሚ ድርጅት መሠረቱ።

የባሕር ጉዞና ሕልፈት

ቺቼስተር በ1950ዎቹ ወደ ሸራ ጀልባ ጉዞ ተመለሱ። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ላይ የሳንባ ካንሰር እንዳለባቸው ቢነገራቸውም አገግመው እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያውን ብቸኛ የአትላንቲክ ማቋረጫ ውድድር በ40 ቀን አሸነፉ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1966 በቀድሞዋ አውሮፕላናቸው ስም ጂፕሲ ሞዝ አራተኛ በተባለች ጀልባ ከፕሊመዝ ወደብ ተነሱ። በሲድኒ ብቻ አርፈው፣ በባሕር ላይ 226 ቀን አሳልፈው እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 1967 ተመለሱ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛም የጥንቱ ባሕረተኛ ሰር ፍራንሲስ ድሬክ በተሾሙበት ሰይፍ የሰርነት ማዕረግ ሰጧቸው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 1972 በፕሊመዝ አርፈው በትውልድ መንደራቸው በሸርዌል ተቀበሩ።

ለዛሬው የበረራ ሙያ ያለው ትርጉም

ዛሬ አውሮፕላኖች ቦታቸውን ከሳተላይት ያውቃሉ። ይሁን እንጂ የበረራ ተማሪ ካርታ ማንበብን፣ በኮምፓስና በሰዓት ርቀትን ማስላትን፣ የነፋስን ግፊት መገመትንና ነዳጅን ከመጠባበቂያው ጋር መመዘንን አሁንም ይማራል። የዚህም ምክንያቱ መሣሪያ ሊበላሽ፣ ምልክትም ሊቋረጥ ስለሚችል ነው። የቺቼስተር ሕይወት የሚያስረዳው ደኅንነት የሚገኘው ስሕተት አይፈጠርም ብሎ በማሰብ ሳይሆን፣ ስሕተት እንደሚኖር አስቀድሞ አምኖ ለእርሱ የሚሆን ቦታ በዕቅዱ ውስጥ በማኖር መሆኑን ነው። በበረራ ሙያ ለመሰማራት ለሚዘጋጁ ወጣቶች የአቅጣጫ ስሌት ትምህርት ፈተና ለማለፍ ብቻ የሚጠና ሳይሆን፣ በአስቸጋሪ ሰዓት ሕይወትን የሚያድን ዕውቀት ነው።