ሲልቬስተር ሮፐር፦ የጠመንጃን አፈሙዝ ለታዳኙ የለካ የፈጠራ ሰው

ቱርኪ የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ የዱር ወፍ የሚያድን ሰው ወደ ጫካ ከመዝለቁ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ይመርጣል። አንደኛው በጠመንጃው አፈሙዝ ላይ የሚጠመዘዝ ቾክ የሚባል አጭር የብረት ቱቦ ነው፤ ሁለተኛው ጥይቱ ነው። እየተፈታ የሚቀየረውን ቾክ ከ150 ዓመታት በፊት በፓተንት ያስመዘገበው አሜሪካዊው ሲልቬስተር ሃዋርድ ሮፐር ነበር።

ሮፐር እ.ኤ.አ በ1823 በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ፍራንሴስታውን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሌላ ሰው የሠራውን ሳያይ፣ በእንፋሎት የሚሠራ ትንሽ ሞተር እንደ ሠራ ይነገርለታል። በ1854 ኑሮውን በማሳቹሴትስ ግዛት ወደምትገኘው ቦስተን አዛወረ። በዚያም የእጅ ስፌት መኪናና በሞቃት አየር የሚሠራ ሞተር ፈለሰፈ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተካሄደባቸው ዓመታት ደግሞ በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አገልግሏል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ፊቱን ወደ አደን ጠመንጃ መለሰ። በ1866 አራት ጊዜ በተከታታይ የሚተኩስ፣ ጥይቶቹ በሚሽከረከር ጎጆ ውስጥ የሚቀመጡ ሾትገን አስመዘገበ። ቀለሆቹ ከብረት የተሠሩ በመሆናቸው አዳኙ ባሩድና እርሳስ እየሞላ ደጋግሞ ይጠቀምባቸው ነበር።

ሾትገን በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎችን የሚረጭ ጠመንጃ ነው። ፍሬዎቹ ከአፈሙዙ እንደ ወጡ መበተን ይጀምራሉ፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሰፋል። በዚህም የተነሣ ታዳኙ በጥቂት ፍሬዎች ብቻ ተመትቶ ቆስሎ ሊያመልጥ ይችላል። መፍትሔው አፈሙዙን በጥቂቱ ማጥበብ ነበር። የውኃ ጎማ ጫፉ ሲጨበጥ ውኃው ሳይበተን ርቆ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የጠበበ አፈሙዝም ፍሬዎቹን አሰባስቦ ያርቃቸዋል። የሚጠብበው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ባለው ባለ 12 ቁጥር አፈሙዝ፣ ፉል የሚባለው ቾክ የሚያጠብበው ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

አፈሙዝን የማጥበብ ሐሳብ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። እንግሊዛዊው ዊሊያም ፔፕ በ1866 ፓተንት አውጥቶበታል፤ የበርሚንግሃሙ ዊሊያም ዌሊንግተን ግሪነርም በ1870ዎቹ በሰፊው አስተዋውቆታል። ሆኖም ጥበቱ ከበርሜሉ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ከሆነ አይለወጥም። በቅርብ ለምትነሣ ወፍ የሚሆነው ሰፊ አፈሙዝ በሩቅ ለቆመ ታዳኝ አይሆንም፤ አዳኙ ሁለት ጠመንጃ መግዛት ይገደዳል። ሮፐር በሐምሌ ወር 1868 ያስመዘገበው ፈጠራ ግን በበርሜሉ ጫፍ ላይ ከውጭ የሚጠመዘዝና የሚፈታ ቀለበት ነበር። በዚህ ብልሃት አንዱ ጠመንጃ የብዙዎችን ሥራ መሥራት ቻለ።

ይህ ኃይል የመጣው የዱር ሀብት በሚመናመንበት ዘመን ነበር። ሮፐር በኖረባት በማሳቹሴትስ፣ ደን በመመንጠሩና አደን ገደብ በማጣቱ፣ የመጨረሻዎቹ የዱር ቱርኪዎች በ1851 ገደማ ጠፍተዋል። የፈጠራው ሰው ወደ ቦስተን ሲመጣ ወፉ ከግዛቲቱ ከጠፋ ሦስት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ቱርኪ ዳግም ወደ ማሳቹሴትስ ጫካዎች የተመለሰው ከኒው ዮርክ ግዛት የመጡ 37 ወፎች በ1972 እና በ1973 ከተለቀቁ በኋላ ነው። ዛሬ አደኑ በወቅትና በቁጥር የተገደበ ነው።

የቾክና የጥይት ምርጫም ከዚህ ኃላፊነት ጋር ይያያዛል። ቱርኪ ላባው ወፍራም፣ አካሉ ጠንካራ በመሆኑ የሚተኮሰው ወደ ራሱና ወደ አንገቱ ነው። ዒላማው ጠባብ ስለ ሆነ ፍሬዎቹ ተቀራርበው መድረስ አለባቸው። ስለዚህ አዳኞች ፉል የሚባለውን ወይም ከእርሱ የጠበበውን ቾክ ይመርጣሉ። በተለመደው መለኪያ ፉል ቾክ በ36 ሜትር ገደማ ርቀት፣ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ከፍሬዎቹ 70 በመቶ ያህሉን ያሳርፋል።

ከጥይት በኩል የተለመዱት ባለ 4፣ ባለ 5 እና ባለ 6 ቁጥር የእርሳስ ፍሬዎች ናቸው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፍሬው ያንሳል፤ የፍሬዎቹ ብዛት ግን ይጨምራል። ከእርሳስ ይልቅ እጅግ የሚከብደው ተንግስተን በዋጋው ውድ ነው፤ ነገር ግን ባለ 9 ቁጥር ደቃቅ ፍሬው እንኳ ኃይሉን ይዞ ስለሚጓዝ ብዙ ፍሬ በአንድ ቀለህ ለመያዝ ያስችላል። ጠንካራ የአረብ ብረት ፍሬ እጅግ በጠበበ ቾክ ቢተኮስ በርሜሉን ሊጎዳ ስለሚችል በቾኩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ይላል። የቀለሁም ርዝመት በበርሜሉ ላይ ከተቀረጸው ልክ መብለጥ የለበትም።

የጠበበ ሁሉ የተሻለ አይደለም። ከልክ ያለፈ ጥበት ፍሬዎቹን አጋጭቶ ይበትናቸዋል፤ በአሥር ሜትር ርቀት ደግሞ ፍሬዎቹ በጣም ተጠጋግተው ስለሚሄዱ ጥቂት መሳት ሙሉ በሙሉ መሳት ይሆናል። አንድ ዓይነት ቾክ ከአንዱ ጥይት ጋር ተስማምቶ ከሌላው ጋር ላይስማማ ይችላል። ቁርጡ የሚታወቀው የወፉ ራስና አንገት በተሣለበት ትልቅ ወረቀት ላይ፣ ከተለያየ ርቀት ተኩሶ ፍሬዎቹን በመቁጠር ነው። ወረቀቱ ክፍተት ካሳየበት ርቀት አልፎ አለመተኮስ የአዳኙ ግዴታ ነው።

ሮፐር ራሱ የሠራውን ሁሉ የሚፈትን ሰው ነበር። በ1860ዎቹ መጨረሻ በእንፋሎት የሚሄድ ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ሠራ፤ ተሽከርካሪው ዛሬ በአሜሪካ ስሚዝሶንያን ሙዚየም ይገኛል። በ1882 ደግሞ ከክሪስቶፈር ስፔንሰር ጋር፣ የፊት እጀታው በእጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተሳበ የሚጎርስ ሾትገን አስመዘገበ።

በሰኔ 1 ቀን 1896፣ የ72 ዓመት አዛውንት ሳለ፣ አዲሱን የእንፋሎት ብስክሌቱን በካምብሪጅ ከተማ የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ነዳ። ከብስክሌተኞች ጋር ተፎካክሮ በፍጥነት ሲጋልብ ሳለ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። ምርመራው የሞቱ ምክንያት የልብ ድካም መሆኑን አመለከተ፤ ልቡ የቆመው ከመውደቁ በፊት ይሁን በኋላ ግን አልተለየም።

ሮፐር በ2002 በአሜሪካ የሞተር ሳይክል የክብር መዝገብ ሰፍሯል። በአደን መስክ ስሙን የሚያነሡት ጥቂቶች ቢሆኑም፣ ሐሳቡ በእያንዳንዱ ተነቃይ ቾክ ላይ ይታያል። የዘመኑ ቾክ ብዙውን ጊዜ የሚጠመዘዘው በበርሜሉ ውስጥ ነው፤ መሠረቱ ግን ያው ነው፦ መሣሪያው በታዳኙና በርቀቱ ልክ ይስተካከላል፣ ልኩም አስቀድሞ በፈተና ይረጋገጣል።