ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነበሩ። በጦርነቱ ሁከት ከወላጆቻቸው ተለዩ፤ አንድ የእንግሊዝ መኰንንም አግኝቶ ወደ ህንድ ወሰዳቸው። ያ መኰንን ሲሞት ሌላ መኰንን የትምህርታቸውን ገንዘብ ከፈለላቸው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ኋላም በላሆር ከተማ ሕክምና አጥንተው ሐኪም ሆኑ።

ከአድዋ ድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ዘመዶቻቸውም በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ዐወቋቸው። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ።

ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ካለፈ በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። መቀመጫቸው አሰበ ተፈሪ ነበረች፤ ይህችም ከተማ ዛሬ ጭሮ ትባላለች። አስቀድሞ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ ለማድረግ ሥራ ጀምረው ነበር። አዲስ ሹም ብዙ ጊዜ የቀደመውን ሹም ሥራ ያፈርሳል፤ ሐኪም ወርቅነህ ግን ሥራውን ተቀብለው ቀጠሉት።

በዚያ ዘመን በብዙ አገር ሹም የሚኖረው ከገበሬው በሚቀበለው ግብርና ጉልበት ነበር። ስለዚህ አብዝቶ የወሰደ ሹም ይበለጽጋል፤ ለሕዝቡ የደከመ ሹም ግን ምንም አይጨመርለትም። በጨርጨር የታሰበው ሹም በቁርጥ ደመወዝ እንዲሠራ፥ ግብሩም በሥርዓት እንዲሰበሰብ ነው። ለዚህ ሥራ የተማሩ ወጣቶች ያስፈልጉ ነበር፤ ከነዚህም መካከል ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ነበሩ። ደግሞ ጨርጨር የቡና አገር ነው፤ የምድር ባቡሩ ግን ከደጋው በታች በሚኤሶ ያልፋል። ቡናው ወደ ባቡሩ እንዲደርስ መንገድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ስለ መንገድ ሥራ ብዙ ደከሙ።

ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። በአዲስ አበባ የቀሩትን ቢንያምንና ዮሴፍን ጠላት በ1929 ዓ.ም. ገደላቸው። አባታቸው ይህን ኀዘን ተሸክመው ስለ አገራቸው መድከምን አልተዉም። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ተማሪ ሆይ፥ ዕውቀት ኖሮት የሥራ ፍቅር የሌለው አለቃ ዘይት እንደሌለው መብራት ነው። የሥራ ፍቅር ኖሮት ዕውቀት የሌለውም በጨለማ እንደሚሮጥ ሰው ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ሲገናኙ ከእርሱ በታች ያሉት ሁሉ በርትተው ይሠራሉ፤ አገርም ይለማል።