ኢርቪንግ ላንግሚዩር፦ ከአምፖል ክር እስከ ተራራ በረዶ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች የቆርቆሮ ጣሪያዎች ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ከአካባቢያቸው አየር ይበልጥ ስለሚቀዘቅዙ ጤዛ፣ አልፎ አልፎም ውርጭ ይይዛቸዋል። ጤዛው በአንዳንድ ገጽ ላይ እንደ ዶቃ ተነጣጥሎ ይቋጠራል፤ በሌላው ላይ ተንጣሎ ስስ የውሃ ሽፋን ይሆናል። ይህን ልዩነት የሚወስነው የጣሪያው ውፍረት ሳይሆን አንድ የሞለኪውል ድርብ ያህል ሊሳሳ የሚችለው የላይኛው ገጽ ነው። ለዚህ ዕውቀት መሠረት ከጣሉት ሳይንቲስቶች መካከል አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሚዩር በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ።

ላንግሚዩር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 31 ቀን 1881 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለዱ። የዓይናቸው ድካም እስከ 11 ዓመታቸው ድረስ ሳይታወቅ ቆይቶ ነበር፤ መነጽር ካገኙ በኋላ ግን የተፈጥሮን ጥቃቅን ነገሮች መመርመር የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ሆነ። በ1903 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በብረታ ብረት ምሕንድስና ተመረቁ። በ1906 ደግሞ በጀርመን፣ ጎቲንገን፣ በቫልተር ኔርንስት መሪነት የዶክትሬት ጥናታቸውን ፈጸሙ። ጥቂት ዓመታት በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1909 በስኬኔክታዲ ወደሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ የምርምር ቤተ ሙከራ ገቡ።

በዚያ የገጠማቸው የመጀመሪያ ጥያቄ የአምፖል መጥቆር ነበር። በዘመኑ የመጥቆሩ ምክንያት በአምፖሉ ውስጥ የቀረ ጋዝ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ መፍትሔው አየሩን ይበልጥ መምጠጥ መስሎ ታይቶ ነበር። ላንግሚዩር ግን ከጋለው የቱንግስተን ክር የሚተነው ብረት በቀዝቃዛው መስታወት ላይ እንደሚረጋ አረጋገጡ። በ1913 ያቀረቡት መፍትሔ የተለመደውን አስተሳሰብ የሚቃረን ነበር፦ አምፖሉን በናይትሮጅን ወይም በአርጎን መሙላትና ክሩን መጠምዘዝ።

ከጋሉ ክሮች የጀመረው ጥናት ወደ ገጾች ባሕርይ መራቸው። በ1916ና በ1917 ባሳተሟቸው ጽሑፎች፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ስስ የቅባት ሽፋን የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ብቻ ሊኖረው እንደሚችል አስረዱ። የሞለኪውሉ አንደኛው ጫፍ ውሃን ወዶ ወደ ታች ሲቀመጥ፣ ውሃን የሚሸሸው ጅራቱ ወደ ላይ ይቆማል። ባልደረባቸው ካትሪን ብሎጀት በ1930ዎቹ እነዚህን ሽፋኖች በጠጣር ገጽ ላይ በየድርቡ የመደራረብን ዘዴ አዳበሩ። ላንግሚዩር በገጽ ኬሚስትሪ ሥራቸው በ1932 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በ1930 ጀርመናዊው ኤርንስት ሽሚትና ባልደረቦቻቸው፣ ተን በጠብታ መልክ ሲጤዝ በውሃ ሽፋን መልክ ከሚጤዝበት ጊዜ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት እንደሚያስተላልፍ አሳይተው ነበር። ስስ የቅባት ሽፋን በብረት ላይ ጠብታን የሚያስገኝበት ምክንያትም ላንግሚዩር በገለጹት የሞለኪውሎች አቀማመጥ ይብራራል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ላንግሚዩር ከቪንሰንት ሼፈር ጋር በአውሮፕላን ክንፍ ላይ የሚረጋውን በረዶ አጠኑ። የምርምር ስፍራቸው የዋሽንግተን ተራራ ነበር። ይህ ተራራ 1,917 ሜትር ከፍታ ስላለው ከኮልፌ ቀራንዮ ዝቅ ይላል፤ ሆኖም በክረምት ከ0 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ገና ያልረጋ ውሃ የያዘ ደመናና ብርቱ ነፋስ ይፈራረቁበታል። ተመራማሪዎቹ የተለያየ ውፍረት ያላቸውን ተሽከርካሪ ዘንጎች በደመናው ውስጥ አቁመው የሚይዙትን በረዶ መዘኑ። ጥቃቅን ጠብታዎች ከአየሩ ጋር ዘንጉን ዞረው ሲያልፉ፣ ትልልቆቹ በግስጋሴያቸው ይላተሙታል። ላንግሚዩርና ብሎጀት ለዚህ ያወጡት ስሌት ለበረዶ መከላከያ ምሕንድስና መነሻ ሆነ።

በ1946 ሼፈር ደረቅ በረዶ የቀዘቀዘን ደመና ወደ በረዶ ቅንጣት እንደሚለውጥ ሲያገኙ፣ ላንግሚዩር ደመናን የማዝነብ ተስፋ ብርቱ ደጋፊ ሆኑ። በኦክቶበር 1947 በፕሮጀክት ሲረስ ደረቅ በረዶ የተረጨበት አውሎ ነፋስ ዞሮ የጆርጂያን ጠረፍ በመታ ጊዜ፣ አቅጣጫውን ያስለወጠው ርጭቱ እንደሆነ ተከራከሩ። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች ግን ማስረጃውን አልተቀበሉትም፤ ያለ ርጭት ምን ሊሆን ይችል እንደነበር የሚያሳይ ማነጻጸሪያ አልነበረምና። እኚሁ ሰው በ1953 ተመራማሪዎች በገዛ ምኞታቸው እንዴት እንደሚታለሉ የሚያስገነዝብ ንግግር ማቅረባቸው በሕይወታቸው ከሚታዩት ተቃርኖዎች አንዱ ነው። ላንግሚዩር እ.ኤ.አ. በኦገስት 16 ቀን 1957 በዉድስ ሆል፣ ማሳቹሴትስ አረፉ።

የሕይወታቸው ትምህርት ለዛሬው ዘርፍ ሁለት ገጽታ አለው። ጤዛንና በረዶን የሚቆጣጠር ገጽ ለመሥራት ብዙ ቁስ አያስፈልግም፤ አንድ የሞለኪውል ድርብ ይበቃል። ይሁንና ያ ድርብ በቀላሉ ይፋቃል፤ ውጤታማ ከሆኑት መካከል የሚቆጠሩት ፍሎሪን ያለባቸው ሽፋኖችም በአፈርና በውሃ ውስጥ ሳይበሰብሱ ለረጅም ዘመን ይቆያሉ። ስለዚህ ለኮልፌ ጣሪያ የሚቀርብ ማንኛውም አዲስ ሽፋን ካልተቀባ ተመሳሳይ ቆርቆሮ ጎን ተቀምጦ ፀሐይን፣ አቧራንና ክረምትን አልፎ ሊመዘን ይገባል። በቤተ ሙከራቸው ጸንተው የያዙት፣ በደመናው ዘመን ግን የላላባቸው ሥርዓት ይህ የማነጻጸር ሥርዓት ነበር።