ሃምሳን አልፈው እንደ አዲስ የተማሩት አባ ጎርጎርዮስ

በዕድሜ ገፍቶ ከልጆች ጋር ትምህርት መቀመጥ የሚያሳፍረው ሰው ካወቃችሁ የአባ ጎርጎርዮስን ታሪክ ንገሩት።

አባ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ከጎንደር ብዙ በማይርቀው ደንቀዝ የነገሡት አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሲሆኑ እሳቸውም ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1632 የነገሡት አፄ ፋሲል ግን የተዋሕዶን እምነት መለሱ፤ ኢየሱሳውያኑን ሲያባርሩ አባም ተሰደዱ።

በ1649 ሮም ላይ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ መጣባቸው። ግዕዝን የለቀመው ከመጽሐፍ ነው። አባ ሃምሳን አልፈዋል፤ ግን ልጅ ነው ብለው አልናቁትም። በ1652 ጭራሽ ጀርመን፣ ጎታ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዱለት። እዚያ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሳያስቡት የሚናገሩትን አማርኛ ልጁ በጥያቄ ቃል በቃል ሲፈታው፣ የገዛ ቋንቋቸውን በሌላ ዓይን ማየት ነበረባቸው። አስተማሪው ተማሪም ሆኑ ማለት ነው።

በ1658 የተሳፈሩባት መርከብ ሰጥማ ሞቱ። የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ፣ የሉዶልፍ ሥራ፣ የታተመው ከ40 ዓመት በኋላ በ1698 ነው። አባ አላዩትም። ያኔ ክብሬ ተነካ ብለው ዝም ቢሉት ኖሮ ግን መጽሐፉ ከየት ይመጣ ነበር?