ቴዎዶር ሽቫን
በነርቭ ሽፋን ላይ ለሚነሣው ሽቫኖማ ለተባለው ዕጢ ስሙን ያወረሰው ሊቅ ቴዎዶር ሽቫን፣ እ.ኤ.አ. በ1810 ከራይን ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በኖይስ ከተማ ተወለደ። ሕክምና ከተማረ በኋላ በበርሊን የዝነኛው ሊቅ የዮሃነስ ሙለር ረዳት ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላውም ሦስት ታላላቅ ሥራዎችን አበረከተ። በ1836 ሥጋን የሚፈጨውን የጨጓራ ንጥረ ነገር ለይቶ ፔፕሲን ብሎ ሰየመው። በ1837 እርሾ ሕያው ፍጥረት እንደሆነና ስኳር ተብላልቶ ወደ አልኮል የሚለወጠውም በእርሱ አማካይነት መሆኑን አስረዳ። በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የእንስሳት አካል ሁሉ መሠረቱ ሕዋስ መሆኑን አብራራ፤ የነርቭን ክር የሚሸፍነው ሕዋስም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ይሁን እንጂ በዚያው በ1839፣ መብላላት የኬሚካል ለውጥ ብቻ ነው ብለው ያምኑ የነበሩት ታዋቂዎቹ ኬሚስቶች ሊቢግና ቮለር የእርሾውን ሐሳብ በስላቅ ጽሑፍ አላገጡበት። ሽቫንም በዚሁ ዓመት ወደ ቤልጅግ ተሻግሮ በሉቨን፣ ከ1848 ጀምሮም በሊዬዥ አስተማረ። ከዚያ ወዲህ የበርሊኑን የሚያህል ግኝት አላወጣም፤ ሆኖም የድንጋይ ከሰል አገር በሆነችው በሊዬዥ ሳለ፣ በማዕድን ጉድጓድ አደጋ ሲደርስ ለሚገቡ ነፍስ አድን ሠራተኞች የመተንፈሻ መሣሪያ ነደፈ። ሕዋሳት እንደ ክሪስታል ከፈሳሽ ውስጥ ይረጋሉ ማለቱም ስሕተት መሆኑ በሕይወቱ ሳለ ታወቀ። በ1882 በኮሎኝ አረፈ።

ሦስቱ ሥራዎቹ ከሞቱ በኋላ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኙ። የሉቨን ፕሮፌሰር የነበረው ክርስቲያን ደ ዱቭ፣ ሕዋስ ያረጀ ክፍሉን ራሱ ፈጭቶ መልሶ የሚጠቀምበትን አሠራር በ1963 ኦቶፋጂ፣ ማለትም ራስን መብላት፣ ብሎ ሰየመው። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ የዚህን አሠራር ጂኖች ያገኘው በእርሾ ውስጥ ሲሆን በ2016 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ2015 ደግሞ ነርቭ ሲጎዳ የሽቫን ሕዋስ ማይሊን የተባለውን የራሱን የስብ ሽፋን በዚሁ መንገድ እንደሚፈጭ ተገለጠ።

ይኸው ሕዋስ ያለ ልክ ሲባዛ የነርቭ ሽፋን ዕጢ ያስከትላል። በዚህ ጊዜ ኦቶፋጂ ሁለት ፊት አለው። ጤነኛውን ሕዋስ ከተበላሸ ክፍሉ እያጸዳ ይጠብቀዋል፤ ዕጢው ከጸና በኋላ ግን የዕጢውን ሕዋሳት ከረኀብና ከመድኃኒት ሊታደጋቸው ይችላል። ስለዚህም ተመራማሪዎች አሠራሩን መቼና እንዴት ማገድ እንደሚገባ ይመረምራሉ። በ1839 የተላገጠበት እርሾ ለዚህ ምርመራ መነሻ ሆኗል።