ሄንሪ ዢፋርና ኢንጀክተሩ

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዢፋር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1825 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። በ1852 ዓ.ም. በእንፋሎት ሞተር የሚነዳ አየር መርከብ ሠርቶ 27 ኪሎ ሜትር ያህል በረረ።

በዚያ ዘመን የባቡር ቦይለር ውሃ የሚያገኘው መንኰራኵሩ በሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ስለ ነበር፥ ባቡሩ ሲቆም ውሃውም ይቋረጣል፤ ውሃው ካነሰ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ዢፋር ግን በ1858 ዓ.ም. ኢንጀክተር የተባለውን መሣሪያ ፈለሰፈ። እንፋሎቱ ከጠባብ አፍ ተወንጭፎ ሲወጣ ቀዝቃዛውን ውሃ ይስባል፤ ተቀላቅሎትም ራሱ ውሃ ይሆናል። ይህ ፈጣን ውሃ እየሰፋ በሚሄድ ቧንቧ ሲያልፍ ፍጥነቱ ወደ ግፊት ይለወጥና የቦይለሩን ግፊት አሸንፎ ይገባል።

መሣሪያው ባለጠጋ አደረገው። በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ደከመ፤ በ1882 ዓ.ም. ሲሞትም ሀብቱ ለሳይንስና ለችግረኞች እንዲውል ለአገሩ ተናዘዘ። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ዕውቀት ፍሬዋ ለወገን ሲተርፍ ነውና በርትተን እንማር።